እህቴን ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ያሳረፍኩበት ሳምንት

ረቡዕ፣ ድሬዳዋ

ታላቅ እህቴ ነርስ ናት። ከሆስፒታል ስትወጣ ቤቷ ሌላ ፈረቃ ይጠብቃታል። ልጆች አሉ፣ አማት አሉ፣ ዕድር አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ "አንቺ ካልመጣሽማ አይሆንም" የሚል ሰው ደግሞ መቼም አይጠፋም። ወገቧን ካመማት ቆይቷል። አብራት የምትሠራ ሐኪም እረፍት አድርጊ ካለቻትም እንደዚሁ። እሷ ግን የዓመት ፈቃድ ስትወስድ ምንጣፍ ታጥባለች፣ በርበሬ ትቀነጥሳለች።

ዘንድሮ ከባሏ ጋር ተመካከርን። ልጆቹን እሱ ያዘ። እኔ ደግሞ ጅቡቲ፣ ባሕሩ ዳር ላይ ያለ አንድ ማረፊያ ያዝኩ። አልጋው፣ ሦስቱም ማዕድ፣ መጠጡ፣ ማሳጁ፣ እንፋሎቱ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያሠሩት ስፖርት፣ ሁሉም በአንድ ክፍያ ያለቀ፣ ኦል ኢንክሉሲቭ የሚሉት ዓይነት ነው። ይህን የመረጥኩት ለቅንጦት ብዬ አይደለም። እህቴን አውቃታለሁ። ሜኑ ላይ ዋጋ ካየች የምታዝዘው ሻይ ብቻ ነው። ተከፍሎ ያለቀ ከሆነ ግን እንዳይባክን ስትል ትበላለች፣ እንዳይባክን ስትል ትታሻለች።

ታኅሣሥን የመረጥነው አስበንበት ነው። ሐምሌ ላይ ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ትነዳለች፣ የድሬን ሙቀት የለመደ ሰው እንኳን አይችላትም። በታኅሣሥ ግን 30 ገደማ ላይ ትቆማለች፣ ማታ ነፋስ አለ። እህቴ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ፤ ለቁልቢ ገብርኤል መመለስ አለብን። ታኅሣሥ 19 ስለቷን የምታገባበት ቀን ነው፣ ባሕርም ይሁን ሌላ ከዚያ አያስቀራትም።

ከሰዓት ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብተን የዋና ልብስ ገዛን። እጅጌው ሙሉ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ። ይህ ዓይነቱ ድሬ ሞልቷል፣ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። ማታ ሻንጣዋን ስፈትሽ በሶ፣ ቆሎና አንድ ኪሎ ምስር አገኘሁ። ጾም ነው፣ የነቢያት ጾም ገብቷል፣ እዚያ የጾም ምግብ ከሌለስ አለችኝ። ምስሩን አስቀረሁት። በሶውና ቆሎው ሄዱ።

ሐሙስ፣ ባቡር

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ በጠዋት መነሳት ያስፈልጋል። የከዚራን ሰፈር ስናቋርጥ ዛፎቹ ሥር ገና ማንም አልነበረም።

ለእኛ ለድሬ ልጆች ጅቡቲ ውጭ አገር አይመስለንም። ከተማችንን የወለዳት ይኸው ሐዲድ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ከባድ ሆነና ሜዳው ላይ ቆመ፤ ድሬ ያን ጊዜ ተተከለች። አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 ዓ.ም. ቆይቷል። ከባቡር በፊት የሐረር ነጋዴ ቡናውን በግመል ጭኖ ዘይላ ያወርድ ነበር። እና የዚህ አገር ሰው ወደ ባሕር መውረድ የለመደው ነገር ነው፤ ለንግድ ግን። ለማረፍ የሚወርድ ጥቂት ነው፣ እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው። አጎታችን ምድር ባቡር ሲሠራ ስንት ጊዜ ወርዶ ተመልሷል፣ ሚስቱ ግን ባሕሩን አንድ ቀን ሳታይ ነው ያረፈችው።

የዛሬው ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ሰው መጫን የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከድሬ እስከ ጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ከ1,200 ሜትር ከፍታ ተነስተሽ ባሕር ጠለል ላይ ትደርሻለሽ። ሽንሌን ካለፍሽ በኋላ ሜዳ፣ ግራር፣ ግመል፣ ድንጋይ፣ ከዚያ እንደገና ሜዳ። እህቴ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ተኛች። ቀን እንቅልፍ የወሰዳትን መቼ እንዳየሁ አላስታውስም። አዲጋላ ስንደርስ ቀስቅሼ ላሳያት ፈልጌ ነበር፣ ተውኳት። ጅቡቲዎች የሚጠጡት ውሃ ከዚህ አካባቢ ጉድጓድ ነው የሚሄደው፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በቧንቧ። መብራትም ከእኛ መስመር ይሄዳል። ጫታቸውም የእኛ ነው። አትክልትና ፍራፍሬም እንደዚሁ።

ድንበሩ ደወሌ ነው። የፓስፖርቱ ነገር ጊዜ ይወስዳል፣ ትዕግሥት ያዙ። ቪዛውን በኦንላይን ቀድመን ጨርሰን ስለነበር እኛ አልተንገላታንም። ናጋድ ጣቢያ ስንወርድ ፊታችን ላይ ያረፈው አየር እርጥብና ጨው ጨው የሚል ነበር። እህቴ ሻርፗን አወለቀችና "ባሕሩ የት አለ?" አለች። ገና አይታይም ነበር።

ማረፊያው ደርሰን ክፍላችን ገባን። ደጃፉ አሸዋ፣ ከአሸዋው ቀጥሎ ውሃ። አልጋው ተነጥፎ፣ ፎጣው ታጥፎ ይጠብቃል። እህቴ ጫማዋን አውልቃ በቀጥታ ወደ ውሃው ሄደች፣ እስከ ጉልበቷ ገባችና ቆመች። መጥቼ ስጠራት "ቆይ እስኪ አቦ" አለችኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያ ብላኝ አታውቅም፣ እሷ ናት ሁልጊዜ የምትቸኩለው።

ዓርብ

ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ እህቴ ሁለቱንም አልጋ አንጥፋ ጨርሳለች። ክፍል የምታጸዳው ልጅ ስትመጣ ሥራ አጣች። ቁርስ ላይ ደግሞ የበላችበትን ሳህን ይዛ ማጠቢያ ፍለጋ ተነሳች። አስተናጋጁ በትሕትና ተቀበላትና "እናቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ" አላት፤ አማርኛው ጥርት ያለ ነው። ልጁ የሐረር ነው። እዚህ ወጥ ቤቱም መስተንግዶውም ግማሹ የእኛ አገር ሰው ነው። ስለ ጾሙ ስንነግረው ወጥ ቤት ገብቶ ተመለሰ፣ ምሳ ላይ ሽሮ፣ ድፍን ምስር ወጥና ጥቅል ጎመን ከእንጀራ ጋር ቀረበላት። ቡፌው ላይ አልነበረም፣ ለእሷ ብለው የሠሩት ነው። ከዚያች ምሳ ጀምሮ እስክንመለስ የጾም ነገር አላሳሰባትም። እኔ ዓሣ በጾም ይበላል ከሚሉት ወገን ነኝ፣ እሷ ከማይሉት፤ በዚህ ጉዳይ ከተከራከርን ዓመታት ሆኖናል፣ እዚህም ተከራክረናል፣ ዓሣዬን ግን በልቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የውሃ ውስጥ ስፖርት አለ። አሠሪዋ ወጣት ሴት ናት፣ ፊዚዮቴራፒ የተማረች። ቡድኑ ውስጥ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው እግር ያነሳሉ፣ ወገብ ያዞራሉ፣ ወደ ኋላ ይራመዳሉ። እህቴ መጀመሪያ ፈራች። የባሕር ውሃ ወደ ላይ ይገፋል፣ ጨው ስላለበት ደግሞ ከሐይቅና ከገንዳ ውሃ ይበልጥ ይገፋል። እስከ ደረት ከገባሽ በጉልበትና በወገብ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ የብስ ላይ የሚያማት እንቅስቃሴ ውሃው ውስጥ አያማትም። ነርስ ስለሆነች ይህን በትምህርት ታውቀዋለች፣ ለሕመምተኛም ትመክራለች። በራሷ ገላ ላይ ግን ሞክራው አታውቅም ነበር። ስትወጣ እያለቀሰች ነበር። ምን ሆንሽ ስላት "ምንም፣ አላመመኝም" አለች።

ባሕር ወገብ ያድናል እያልኩ አይደለም። ዲስክ ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ግን የሚያመው ሰው ሳያመው አንድ ሰዓት መንቀሳቀስ መቻል ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ጡንቻው እንዴት መሥራት እንዳለበት ያስታውሳል።

ከሰዓት እንፋሎትና ማሳጅ። እንፋሎቱ ክፍል ውስጥ የባሕር ዛፍ ሽታ ያለው ዘይት ይጨምራሉ። እህቴ ወይባ ይበልጣል አለች። እኔም እስማማለሁ፤ እናታችን አራስ ስትጠይቅ የምትይዘው የወይባ እንጨት፣ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ ጢሱ ላይ የምትቀመጪበት፣ ከዚያ ወጥተሽ ገላሽ ቅቤ የሚቀባው፣ ያ ሙሉ የሆነ ነገር ነው፣ ባለሙያም አለው። ይህን እዚህ ላሉት ሰዎች ነገርኳቸው። ድሬ ላይ አንድ ሰው ወይባና ኡንሲ የሚሉትን የሶማሌ ዕጣን፣ ቅቤና እንሶስላ አንድ ላይ አድርጎ ጥሩ ማረፊያ ቢከፍት ሰው ከጅቡቲ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ማሳጁ ግን ወደር የለውም። የእህቴን ትከሻ ያሸቻት ሴትዮ "ይህ ትከሻ ብዙ ሰው ተሸክሟል" አለቻት፣ እህቴም ሙያዋን ነገረቻት፣ ከዚያ ሁለቱ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቅዳሜ፣ አርታ ዳርቻ

የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ ዌል ሻርክ ይመጣል። በዓለም ላይ ትልቁ ዓሣ ነው። ሻርክ ይባላል እንጂ ሰው አይበላም፣ አፉን ከፍቶ ውሃውን እያጠለለ የሚያገኛቸውን ጥቃቅን ነፍሳት ነው የሚመገበው። ያደገው ከ12 ሜትር በላይ ይሆናል፤ እዚህ የሚመጡት በአብዛኛው ገና ያላደጉ ናቸው።

በጀልባ ሄድን። መሪው ደንቡን ነገረን፤ አትንኩት፣ ከፊቱ አትቁሙ፣ አትጩኹ። ላይፍ ጃኬት ለብሰን ጠበቅን። ረጅም ጊዜ ምንም አልነበረም፣ ውሃና ፀሐይ ብቻ፣ ከዚያ መሪው እጁን አነሳ። ከጀልባው ሥር ነጠብጣብ ያለበት ጀርባ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ቁመቱ ሚኒባስ ያህላል። እህቴ "እግዚኦ" አለችና እኔ ከጀልባው ከመውረዴ በፊት ቀድማኝ ተነሳች። መዋኘት አታውቅም። መሪው አንድ እጇን፣ እኔ ሌላውን ይዘናት ወረደች፣ መነጽሩን አጥልቃ ፊቷን ውሃው ውስጥ ነከረች። ዓሣው ከሥራችን አለፈ። አፉ ክፍት ነበር፣ ዓይኑ ትንሽ ነው፣ ጅራቱ ግን ረጅምና ቀጥ ያለ። ምንም አልቸኮለም። እህቴ እጄን በጣም ጨብጣ ነበር፣ ማታም ጣቶቼ ያሙኝ ነበር።

ጀልባው ላይ ተመልሰን ስትተነፍስ ብቻ ቆየች። ከዚያ ለልጆቿ ደወለች፣ ኔትዎርክ አልነበረም። እስክንመለስ ድረስ ስልኩን እጇ ላይ ይዛ ነበር።

አንድ የምትጠይቁት ነገር አለ። ይህ የጀልባ ጉዞ በጥቅሉ ውስጥ አልነበረም፣ ለብቻው ከፍለናል። ኦል ኢንክሉሲቭ ሲባል ግቢው ውስጥ ያለው ማለት ነው፣ ከግቢ የሚወጣው ጉዞ በአብዛኛው ተጨማሪ ነው። ሳትሄዱ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ጅቡቲ ደግሞ ውድ አገር ናት፣ አብዛኛው ነገር ከውጭ የሚገባ ነው። ደግነቱ ገንዘባቸው አይዋዥቅም፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከጥቂት ሳንቲም ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ እንደዚያው ነው። ሒሳብ ለማውጣት ይመቻል።

እሑድ

ምንም አላደረግንም። ይህንን ቀን መጻፍ ያስፈለገኝም ለዚህ ነው። ጠዋት ተኛን። ጥላ ሥር ተቀመጥን። ማዕበሉ የለም፣ ውሃው ሲሸሽ ሸርጣኖች ይወጣሉ፣ ሲመለስ ይገባሉ። እህቴ ከሰዓት በፊት "ዛሬ ምን እንሥራ?" ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ፣ ከምሳ በኋላ መጠየቅ ተወች። ምሽት ላይ ግቢው ውስጥ ሙዚቃ ነበር፣ ድምፁ ለማረፊያ ቦታ ከልክ በላይ ነው፣ ለሠራተኞቹ ነገርናቸውና ቀነሱት።

ሰኞ፣ አሳል

አሳል ሐይቅ ከጅቡቲ ከተማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የመንገዱ መጀመሪያ ወደ እኛ አገር የሚገቡ ከባድ መኪኖች የሚተላለፉበት ነው፤ ሾፌሮቹ ከአዳማም ከድሬም ናቸው፣ እህቴ የድሬ ታርጋ ባየች ቁጥር እጇን ታወዛውዛለች። ከዚያ መንገዱ ይታጠፍና ጥቁር ድንጋይ ይጀምራል። አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ1978 የፈነዳው እዚህ ነው። መሬቱ እየተለያየ ያለበት ቦታ ነው፣ ከአዋሽ ወደ አፋር የሚወርደው የእኛው ስምጥ ሸለቆ እዚህ ከባሕር ጋር ይገናኛል።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው። በአፍሪካ ከዚህ ዝቅ ያለ መሬት የለም። ጨውነቱ ከባሕር አሥር እጥፍ ያህል ነው። ዳሩ ነጭ ነው፣ ስትራመጂበት ይሰበራል፣ ጫማ ግዴታ ነው። አፋሮች ለዘመናት ከዚህ ጨው በግመል ጭነው ወደ ደጋ አውጥተዋል፣ በእህል ለውጠዋል። አንድ አዛውንት የጨው ድቡልቡል ሲሸጡ አገኘን፣ እህቴ "አባባ፣ ይህን እርስዎ ነዎት ያወጡት?" አለቻቸው። አማርኛ ይችላሉ። ድሬ ብዙ ዓመት እንደኖሩ ነገሩን፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲመጣ የት እንደሚቆም እንኳ ያውቃሉ። ሦስት ድቡልቡል ገዛን።

ውሃው ውስጥ መቆም አይቻልም። እግርሽ ይነሳል። እህቴ በጀርባዋ ተኛች፣ ማንም አልያዛትም፣ እጆቿን ዘርግታ ሰማይ እያየች። መዋኘት የማትችል ሴት ናት። "ወገቤ የለም" አለችኝ። ይህን አረፍተ ነገር እስካሁን እያሰብኩት ነው፣ ምክንያቱም ወገቧ ላለፉት ዓመታት በቤቱ ውስጥ ከሁላችንም በላይ የሚታሰብ ነገር ነበር፤ ምን ታነሳለች፣ ምን አታነሳም፣ መቼ ትቀመጣለች።

ከወጣችሁ በኋላ ወዲያው በንጹህ ውሃ ታጠቡ። ጨው ሲደርቅ ቆዳ ይቆርጣል፣ ቁስል ካለ ደግሞ ያቃጥላል። ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ የለም። ዓይን እንዳይነካ።

ማክሰኞ፣ ከተማ

ጠዋት የውሃ ስፖርት፣ የመጨረሻው ማሳጅ። አሠሪዋ ለእህቴ ቤት የምትሠራቸውን አምስት እንቅስቃሴዎች በወረቀት ሳለችላት። ከሰዓት ከተማ ወጣን፣ ምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ቡና ጠጣን። ሕዝቡ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ አማርኛ ያወራል፣ ከድሬው መጋላ ሰፈር ብዙም አይለይም። እኔ ማታ የየመኖች ዓሣ በላሁ፤ ዓሣውን ለሁለት ከፍለው በርበሬ ቀብተው ታንዱር ውስጥ ነው የሚጋግሩት፣ ከትልቅ ቂጣ ጋር ያቀርባሉ። ቡፌው ተከፍሎበት ሳለ ውጭ መብላት ብክነት ነው ብላ እህቴ አልተስማማችም፣ ግን አብራኝ ተቀመጠች፣ ቂጣውን በላች።

ረቡዕ፣ መልስ

ባቡሩ ላይ ሻንጣው ውስጥ የቀረውን ቆሎ በላን። በሶው አልተነካም። ድሬ ስንደርስ ልጆቹ ጣቢያ ነበሩ፣ ባሏ ቤቱን አጽድቶ፣ ምስሩን፣ ያንን የቀረውን ኪሎ፣ ወጥ ሠርቶ ነበር። ጨው በዝቶበታል፣ እሷ ግን ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች።

ቁልቢ ደርሳለች። በመኪና ነው የሄደችው፣ ሌላ ጊዜ ከመንገድ ወርዳ በእግሯ ነበር የምትወጣው፣ ዘንድሮ ለወገቧ ብላ ተወችው። ወረቀቱን መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች፣ ጠዋት ጠዋት ትሠራዋለች። ውሃ ውስጥ የሚሠራው ቀርቷል፤ አሁን ድሬ ውስጥ ለሴቶች የተለየ ሰዓት ያለው ገንዳ እየፈለግንላት ነው። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን።

ሆስፒታል ውስጥ ለባልደረቦቿ ስለ ዓሣው ስታወራ ማንም አላመናትም፣ ቪዲዮውን እስክታሳይ። አሁን ስምንት ነርሶች ሆነው ዕቁብ ጀምረዋል፣ ገንዘቡ ለመጪው ታኅሣሥ ነው፣ ጸሐፊዋ እህቴ ናት። እኔንም አስገብተውኛል።